ጉለሌ ላይ ውኃ ስንት ነው?

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ዋጋ የማያውቅ ነጋዴ የለም። ጥበቡ፣ ጋቢውና ነጠላው ከዓመት በዓል በፊት ስንት እንደሚወጣ፣ ከበዓሉ ማግስት ስንት እንደሚወርድ ልጅ አዋቂው ይናገራል። የውኃ ዋጋ ሲጠየቅ ግን መልሱ አንድ አይደለም። ቆጣሪ በግቢው ያለው ሰው «እሱስ ርካሽ ነው፤ ችግሩ አለመምጣቱ ነው» ይላል። ከጎረቤት ቧንቧ በጀሪካን የምትገዛዋ ጠላ ሻጭ «እሱን ተወው» ትላለች። ቦቴ አስመጥቶ ሮቶ የሚያስሞላው የምግብ ቤት ባለቤት የዕለቱን ዋጋ የሚያውቀው ከሾፌሩ ጋር ተከራክሮ ሲጨርስ ነው። ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ለመጠመቅ የመጣው ምዕመን፣ ዋጋ የሚባል ነገር ከውኃ ጋር መነሳቱ ራሱ ነውር ይመስለዋል። ጸበሉ በነጻ ነው፤ የሚቀዳበት የፕላስቲክ ዕቃ ግን ይገዛል።

ዓለም ስለ ውኃ የሚከራከረው ክርክር በሙሉ እንዲህ ባለ አንድ ሰፈር ውስጥ ተጠቃልሎ ይገኛል። ውኃ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው የሚል አለ፤ መንግሥት ለሕዝብ የሚያቀርበው አገልግሎት ነው የሚል አለ፤ እንደ ስኳርና ዘይት የሚሸጥ የሚለወጥ ዕቃ ነው የሚልም አለ። ሦስቱም እውነት አላቸው። ችግሩ ሦስቱ ሒሳቦች በአንድ መዝገብ ላይ አለመስፈራቸውና በመካከል የሚጎዳው ሁልጊዜ ያው አንድ ሰው መሆኑ ነው።

«የዓለም የውኃ ቀውስ» የሚለው አነጋገር ለብዙ ሰው የድርቅና የደረቀ ወንዝ ሥዕል ያመጣል። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግምት ከ2 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ደህንነቱ የተጠበቀ የመጠጥ ውኃ አያገኝም። ይሁንና ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚኖረው በረሃ ላይ አይደለም። የድርጅቱ የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው የሰብዓዊ ልማት ሪፖርት የቀውሱ ሥር ያለው ከተፈጥሮ እጥረት ይልቅ በድህነት፣ በሥልጣንና በኢ-ፍትሐዊነት ውስጥ ነው ሲል ደምድሟል። የጉለሌ ነዋሪ ይህን ለመረዳት ሪፖርት ማንበብ አያስፈልገውም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ከእንጦጦ ወርዶ በቀጨኔ ወንዝ ሲያልፍ ያያል፤ በዚያው ሳምንት ቧንቧው አየር ብቻ ይተነፍሳል።

ውኃን እንደ ሸቀጥ የማየቱ ሐሳብ በይፋ በዓለም መድረክ የቀረበው እ.ኤ.አ. በጥር 1992 ደብሊን ላይ ነው። በዚያ ጉባኤ ከወጡት አራት መርሆች አንዱ ውኃ ኢኮኖሚያዊ ዋጋ አለው፣ እንደ ኢኮኖሚ ሀብትም ሊታይ ይገባዋል ይላል። ከ18 ዓመታት በኋላ ደግሞ ሌላው ወገን ድምፅ አገኘ። ሐምሌ 21 ቀን 2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕ የመጠጥ ውኃና የአካባቢ ንጽሕና የሰው ልጅ መብት ነው የሚለውን ውሳኔ በ122 ድምፅ አጸደቀ። የተቃወመ አልነበረም፤ 41 አገሮች ግን ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከእነዚያ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ ግራ ይጋባል። የጀሪካን ሰልፍ ያለባት አገር የውኃን መብትነት ለመደገፍ ምን አሰናከላት? መልሱን ፍለጋ የዓባይን ካርታ ማየት ይበቃል። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት በኢንቴቤ ለፊርማ የቀረበው ከዚያ ድምፅ አሰጣጥ ሁለት ወር ተኩል ቀደም ብሎ በግንቦት 2002 ነው። በዚያ ወቅት «የውኃ መብት» የሚለው ቃል ለላይኛው ተፋሰስ አገርና ለታችኛው ተፋሰስ አገር እኩል ትርጉም አልነበረውም። ኒው ዮርክ ላይ የተነሳው እጅ ሽሮ ሜዳ ላይ ያለውን ቦኖ እያየ የተነሳ አይመስልም።

አገር ውስጥ ያለው ወረቀት ግን ሁለቱንም ወገን ያስታርቃል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አያያዝ ፖሊሲ እያንዳንዱ ዜጋ ለመሠረታዊ ፍላጎቱ የሚሆን በቂና ጥራት ያለው ውኃ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ በዚያው እስክሪብቶ ውኃ ማኅበራዊም ኢኮኖሚያዊም ዋጋ ያለው ሀብት ነው ይላል። የ1992ቱ አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱ ውኃ በሙሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጎ ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውለው ከማናቸውም ሌላ አገልግሎት ቅድሚያ እንዲያገኝ ያዛል። በእጅ ከሚቆፈር ጉድጓድና ከመሰሉት ባህላዊ አጠቃቀሞች በስተቀር ውኃ ለማውጣትም ሆነ ለመሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ባለፈቃዱም ክፍያ አለበት። ሕጉ ጥሩ ነው። ጥሩ ሕግ ያለበት ገበያ ላይ ቆጣሪ ከሌለ ግን ሕጉ ምን ይመዝናል?

ወደ ሒሳቡ እንግባ። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሆን 50 ጀሪካን ይወጣዋል። ጀሪካኑ በ5 ብር ቢሸጥ ሜትር ኩቡ 250 ብር ሆነ፤ በ10 ብር ቢሸጥ 500 ብር። ያው ውኃ በአንድ ሊትር ፕላስቲክ ታሽጎ በ20 ብር ቢሸጥ 20,000 ብር ይደርሳል። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በነፍስ ወከፍ በቀን 20 ሊትር ብቻ ቢጠቀም በወር 150 ጀሪካን፣ ማለትም ሦስት ሜትር ኩብ ይፈልጋል። በ10 ብር ሒሳብ 1,500 ብር ማለት ነው። ሦስት ሜትር ኩብ በግሉ ቆጣሪ የሚቀዳ ሰው ደግሞ የሚከፍለው በዝቅተኛው የታሪፍ እርከን ነው። ከሁለቱ ማን ሀብታም፣ ማን ድሃ እንደሆነ ለመናገር የሰፈሩን ሰው መጠየቅ አያሻም።

«ውኃ ርካሽ ይሁን» የሚለው ጩኸት ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ቧንቧ በቤቱ ላለው ሰው ነው። ርካሹ ዋጋ ቆጣሪው ላይ ያበቃል፤ ከቆጣሪው በኋላ ያለውን መንገድ የሚተምነው ገበያ ነው። አንዳንዱ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ጭቃውን የሚያቦካው ሆቴል አዳሪው ገላውን ከሚታጠብበት በበለጠ ውድ ውኃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እርከን የሚባለው የታሪፍ ዘዴም የራሱ ጣጣ አለው። ሐሳቡ ቀና ነው፤ ጥቂት የተጠቀመ ጥቂት ይክፈል፣ ብዙ የተጠቀመ በሜትር ኩብ ከፍ ያለ ዋጋ ይክፈል ነው። ነገር ግን የጉለሌን የቀበሌ ቤቶች ግቢ የሚያውቅ ሰው አንድ ቆጣሪ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። አራት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው አምስት ሜትር ኩብ ቢጠቀሙ ቆጣሪው 20 ያነባል፤ ቢሉ አራቱን ድሆች ደምሮ እንደ አንድ ሀብታም ያስከፍላቸዋል። ብቻውን በቪላ የሚኖረው በታችኛው እርከን ሊቀር ይችላል። ይህን ለማረም የውጭ ብድር አያስፈልግም። በቆጣሪው ሥር ያሉትን አባወራዎች ቆጥሮ እርከኑን በቁጥራቸው ማስፋት ይበቃል።

የጉለሌ ነገር የሚከብደው በመልክዓ ምድሩም ጭምር ነው። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን የቧንቧ ውኃ ያገኘችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከእንጦጦ ምንጮች ነው። ያኔ ውኃው በራሱ ክብደት ወደ ታች ወረደ፤ ፓምፕም መብራትም አልጠየቀም። ቀጥሎ በ1930ዎቹ ገፈርሳ ተገደበ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገዳዲ፣ በ1990ዎቹ መግቢያ ድሬ ተከተሉ። ከተማው በእነዚህ አልጠግብ ሲል ጉድጓድ ቁፋሮው ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ ዞረ። አቃቂ የከተማው ዝቅተኛ ጫፍ ነው። ሽሮ ሜዳ ከዚያ ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ይህን 400 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ፓምፑ ምንም ባያባክን እንኳ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት በላይ መብራት ይበላል፤ የፓምፑና የመስመሩ ብክነት ሲታከልበት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። መብራት የጠፋ ዕለት ውኃ አብሮ የሚጠፋው፣ ፈረቃ ሲወጣም ከፍታ ላይ ያለ ሰፈር ግፊቱ ደክሞ የሚደርሰው ስለዚህ ነው። የውኃ ምንጭ የነበረው ተራራ ዛሬ የውኃ ጥመኛ ሆኖ ከሜዳ ተሸክመው ያመጡለታል።

በዚህ ላይ በየጊዜው የወጡ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ለከተማው ከሚመረተው ውኃ ከሲሶ የማያንሰው ሒሳቡ ሳይሰበሰብ ይጠፋል። ከፊሉ ባረጀ ቧንቧ ይፈሳል፣ ከፊሉ በማያነብ ቆጣሪ ያልፋል፣ ከፊሉም በሕገ ወጥ መስመር ይሄዳል። ሦስት ጆንያ እህል ገዝቶ አንዱን መንገድ ላይ የሚያፈስ ነጋዴ አራተኛ ጆንያ ልግዛ ብሎ ብድር ቢጠይቅ ባንክ ምን ይለዋል?

የግል ባለሀብቱ በበኩሉ መፍትሔውን ራሱ ፈልጓል። ከአዲሱ ገበያ በጎጃም መንገድ ወጥቶ እንጦጦን የተሻገረ ሰው ሱሉልታ ይደርሳል። ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የገባችው ይህች ቦታ ከአዲስ አበባ ዳርቻዎች ሁሉ ለታሸገ ውኃ የተመቸች ሆና ተገኝታለች። ኔስሌ ዎተርስ እ.ኤ.አ. በ2016 የአቢሲንያ ስፕሪንግስን አብላጫ ድርሻ ገዝቶ የገባው እዚያ ነው። ባለሀብቶች ሱሉልታን የወደዱበትን ምክንያት መረዳት አይከብድም፤ ከእንጦጦ ጀርባ ያለ የከርሰ ምድር ውኃ፣ ከዋና ከተማው ገበያ በአንድ ዳገት ርቀት ነው። ይሁንና የከተማዋ ነዋሪ የቧንቧ ውኃ እያጣ ሲያማርር የታሸገ ውኃ የጫኑ መኪኖች በደጁ ማለፋቸው በውጭ ጋዜጦች ሳይቀር ተጽፏል። ፋብሪካ ሥራ ይከፍታል፣ ግብር ይከፍላል፤ መኖሩ ወንጀል አይደለም። መጠየቅ ያለበት ከጉድጓዱ በዓመት ስንት ሜትር ኩብ እንዲያወጣ ተፈቀደለት፣ ስንት አወጣ፣ ለጥሬ ዕቃው ስንት ከፈለ የሚለው ነው። ጥጡን በነጻ ያገኘ ሸማኔ ሽሮ ሜዳ ላይ ከሌላው ጋር ተወዳደረ አይባልም።

ጉድጓዱ የፋብሪካ ብቻ አይደለም። ሆቴሉ፣ አፓርታማው፣ የመኪና ማጠቢያው ሁሉ አቅሙ ከፈቀደ መቆፈርን ይመርጣል። እያንዳንዱ በራሱ ሒሳብ ትክክል ነው፤ ቦቴ ከመጠበቅ ጉድጓድ ይሻላል። ነገር ግን ከመሬት በታች አጥር የለም። ጠለቅ አድርጎ የቆፈረው ጎረቤቱ የሚቀዳውን ይስባል፤ ጎረቤቱ ይበልጥ ይቆፍራል፤ ሁለቱም ወጪ ይጨምራሉ፣ ውኃው ይርቃል። የጋራ ግጦሽ ያለቀበትን ታሪክ የሚያውቅ የገጠር ሰው ይህን ለከተማ ነጋዴ ማስረዳት ይችላል።

በሌላው ዓለም የተደረገው ሙከራ ለሁለቱም ወገን ትምህርት አለው። ቦሊቪያ ኮቻባምባ ላይ የከተማውን ውኃ የያዘው የውጭ ኩባንያ ታሪፍ ሲያንር ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2000 ውሉ ፈረሰ። ዳሬሰላም እ.ኤ.አ. በ2003 ለግል ኩባንያ ሰጥታ በ2005 ነጠቀች። ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ2010 ውኃዋን ወደ ማዘጋጃ ቤቷ መለሰች። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1989 ለአክሲዮን ገበያ ካቀረበቻቸው ኩባንያዎች ትልቁ፣ የለንደኑ ቴምስ ዎተር፣ ዕዳው ከ15 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ሆኖ ገበያውን ሲያስጨንቅ ታይቷል። ውኃ የሚሸጥ ድርጅት ደንበኛ አያጣምና አይከስርም የሚል ባለአክሲዮን ይህን ቢያይ መልካም ነው። በሌላ በኩል የመንግሥት መሆን ብቻውን ውኃ አያመጣም፤ ጉለሌ ላይ ያለው ቧንቧ መቼም በግል ኩባንያ እጅ ወድቆ አያውቅም፣ ፈረቃው ግን አለ።

ከሁሉ የሚገርመው እ.ኤ.አ. በ2020 ማብቂያ ቺካጎ ላይ የሆነው ነው። የካሊፎርኒያ ውኃ የወደፊት ዋጋ እንደ ቡናና እንደ ስንዴ በውል መገበያየት ጀመረ። የአዲስ አበባ ደላላ ይህን ሰምቶ ሊጓጓ ይችላል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተከፍቷል። ግን ልብ ይባል። ካሊፎርኒያ ላይ የተሸጠው በሕግ የተመዘገበ፣ በመጠን የታወቀ የውኃ ድርሻ ዋጋ ነው። እዚህ ጉድጓዱ እንኳ ቆጣሪ ላይኖረው ይችላል። ያልተሰፈረ እህል በቁና አይሸጥም።

ሌላው ባለሀብት ችላ የሚለው ነገር ፖለቲካው ነው። ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ ሦስቱም ያሉት በኦሮሚያ ክልል ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ክልሉ በአዲስ አበባ ላይ በአገልግሎት አቅርቦትና በተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀም ረገድ ያለው ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ፣ ዝርዝሩም በሕግ እንደሚወሰን ይናገራል። በ2009 ዓ.ም. የዝርዝሩ ረቂቅ ቀርቦ ብዙ አነጋገረ። ከእንጦጦ ወዲያ የታሰቡት የገርቢና የሲቢሉ ግድቦች ለረጅም ዓመታት ከወረቀት አለመውጣታቸውም የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። ውኃው ከሚነሳበት ቀበሌ ያለ ገበሬ ከግድቡ የሚያገኘው ጥቅም በጽሑፍ ካልሰፈረ መሐንዲሱ የቱንም ያህል ቢለካ ግድቡ አይነሳም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ቢል ላይ አንድ ድርሻ ለተፋሰሱ ነዋሪ ይሂድ የሚለው ሐሳብ ልመና ወይም ጉቦ ተደርጎ መታየት የለበትም። ከንግድ አንጻር ካየነው አቅራቢን መክፈል ነው።

ከዚህ ላይ የተራራው ነገር አይረሳ። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ ችግር አውጥቷታል፣ ስለ ምንጮቹ ግን ሲታማ ኖሯል። አዲስ አበባ ከተማ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ705 ሔክታር ላይ ያቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አገር በቀል ዛፎችን መመለስን ከዓላማዎቹ ቆጥሯል። ብዙ ሰው ይህን የሽርሽርና የፎቶግራፍ ቦታ አድርጎ ያየዋል። ዝናቡን ይዞ ወደ መሬት የሚያሰርግ ተዳፋት እንደ ግድብ ሊቆጠር ይገባዋል፤ በጀቱም ከመናፈሻ ይልቅ ከውኃ ወጪ ጋር ቢደመር ትክክለኛው ቦታው ነው።

ምን ይደረግ ለሚለው መልሱ ውኃ መብት ነው ወይስ ሸቀጥ የሚለውን ክርክር ማሸነፍ ላይ የተመሠረተ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ጀሪካኖች መብት ናቸው፤ ለእነሱ በየሰፈሩ የሚሠራ ቦኖ፣ ዋጋውም ቦኖው ግድግዳ ላይ የተጻፈ ሊሆን ይገባል። ከዚያ በላይ ያለው፣ መዋኛ ገንዳው፣ ላቫጆው፣ የታሸገው ጠርሙስ፣ የአፓርታማው ጉድጓድ ደግሞ ሙሉ ወጪውን ይክፈል፤ ወደ ከፍታው የማንሻውን መብራት ጨምሮ። ነጋዴው ይህን ሲሰማ ፊቱን ማጨማደዱ አይቀርም። ግን ዛሬም እየከፈለ ነው፤ ልዩነቱ የሚከፍለው ለቦቴና ለሮቶ፣ ለናፍጣና ለፓምፕ መሆኑ ነው። ያ ገንዘብ ደረሰኝ የለውም፣ አንድ ሜትር ቧንቧም አልዘረጋም። ቦቴዎቹም ቢሆኑ ይከልከሉ ማለት ጅልነት ነው፤ ውኃ በሌለበት ቀን ሰፈሩን የሚያድኑት እነሱ ናቸው። ይመዝገቡ፣ የቀዱበት ጉድጓድ ይታወቅ፣ ውኃው ይመርመር፣ ዋጋው ታርጋው አጠገብ ይለጠፍ።

የታሸገ ውኃ ወይም ሆቴል የያዘ ኩባንያ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሊሸጥ የሚመጣበት ቀን ሩቅ ላይሆን ይችላል። ያን ዕለት መግለጫ ጽሑፉ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ሕንጻውና ስለ ትርፉ በሚያምር ወረቀት ይዘረዝራል። ደላላው ለደንበኛው ብሎ ገልጦ ማየት ያለበት ግን ሌላ ገጽ ነው፤ የጉድጓዱ ፈቃድ መቼ ያበቃል፣ ስንት ሜትር ኩብ ይላል፣ ቆጣሪውን ያነበበውስ ማን ነው?